በአፌ የነፋሁት መርጫ

ሦስት ጊዜ ወባ ነው ተብዬ፣ ሁለት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተብዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጨጓራ ነው ተብዬ ታክሜያለሁ። አንዱም አልነበረብኝም። ይህን የምጽፈው ሽንኩርት ለሚያለሙ፣ ማሾ ለሚዘሩ፣ መርጫ በጀርባቸው ለሚሸከሙ ሁሉ ነው። እንዲታዘንልኝ አልፈልግም፤ ሰው ሲያዝንልኝ ያናድደኛል። ልጄ ሰአዳ መጀመሪያውን አንብባ «እማ፣ ትንሽ ለስለስ ብታደርጊው» አለችኝ። አላደርገውም። እኔን በሽታውም አላለሰለሰኝም።

ዘሀራ እባላለሁ። ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ሽንኩርት ከሚያለሙት አንዷ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እርሻውን በሰው ባሳርስም መድኃኒቱን የምረጨው ራሴ ነበርኩ። እኛ መርዝ አንለውም፣ መድኃኒት ነው የምንለው። የቀን ሠራተኛ አላምንም፤ ዞር ስል ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። በሠፈሩ አፈኛ በመባል እታወቃለሁ፤ ቦዩ ዳር ስደርስ ሰዎች ወሬ ይቀይራሉ። እውነቱን ለመናገር በዚህ እኮራ ነበር።

ውሃ የምናገኘው በተራ ነው። ተራውን የሚያዙት የውሃ አባታችን ሸህ አሊ ናቸው። ከእኔ በላይ ያለው ማሳ የጋሼ እንድሪስ ነው፤ ከእኔ በታች ያለው የከድጃ ነው። ከጋሼ እንድሪስ ጋር ስንጣላ ዓመታት ቆጥረናል። ተራው አልቆ እንኳ ቦዩን በጭቃ ደፍኖ ጥቂት ውሃ ይሰርቀኛል፤ እኔ ደግሞ በሩቁ እየተሳደብኩ ሄጄ ጭቃውን በእግሬ አፈርሰዋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ሽንኩርቱ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ራሴን ይወቅረኛል። ቀጥሎ ላብ ያጠምቀኛል፤ ቆላ ስለሆነ ላብ ብርቅ አይደለም፣ ይሄኛው ግን ጥላ ሥር ተቀምጬም አይቆምም። አፌ በምራቅ ይሞላል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ የግራ ዓይኔ ሽፋን ብቻውን ይርገበገባል። ከዚያ ዓይኔ ላይ ጭጋግ ይወርዳል። ሦስት አራት ቀን ተኝቼ ይለቀኛል። ስድን ተነስቼ ወደ ማሳዬ እመለሳለሁ፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ ይጥለኛል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀኑ የዙሁር ሰላት ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ምራቄን ስውጥ እያየች ወደ ጥግ ተንፏቀቀች። «አይተላለፍም፣ አትፍሪ» አልኳት። «በምን አውቀሽ?» አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ግን ሰደብኳት። የመረመረኝ ልጅ ደሜን ከጣቴ ወሰደና «ወባም ታይፎይድም አለብሽ» አለኝ። ሁለቱንም አንድ ላይ ማለት እዚህ ልማድ ነው፤ አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል። የሰጠኝን ክኒን ውጬ ስተኛ ተሻለኝ። መተኛቴ እንጂ ክኒኑ እንዳላዳነኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ወባ አሉኝ። ሌላ ሄድኩ፣ ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ አሉኝ። ተመልሼ ስሄድ እንደገና ታይፎይድ፣ እንደገና ወባ። አንዱ ጋ «ይሄ ሁሉ ወባ ከየት ይመጣል?» ብዬ ስጮህ «አጎበር አትጠቀሚም ማለት ነው» ተብዬ እኔው ጥፋተኛ ሆኜ ወጣሁ። ሰአዳ ካራቆሬ ታስተምራለች፤ በየሳምንቱ በሚኒባስ እየተመላለሰች ስታስታምመኝ አንድ ቀን ተሰላችታ «ሥራሽን ለምን አትተዪም?» አለችኝ። «አንቺን ያስተማርኩሽ በምን መሰለሽ?» አልኳትና ሁለት ሳምንት ተኳረፍን።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። ተኝቼ ቀኖቹን ስቆጥራቸው አንድ ነገር አገኘሁ። የሚያመኝ ሁልጊዜ የውሃ ተራዬ በደረሰ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ውሃው የሚመጣው ደግሞ በጋሼ እንድሪስ ማሳ አልፎ ነው። ከዚህ በኋላ ምን ጥርጥር አለው? አስደግሞብኛል! ውሃው ላይ አንድ ነገር አስጥሏል! ውሃ ባጠጣሁ ማግሥት መድኃኒት እንደምረጭ ልቤ እያወቀ፣ እሱን ከቁጥር አላስገባሁትም። ሰው ጠላት ካለው ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

በሩ ድረስ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ምንም ብንጣላ ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። ያን ቀን አንቱታውን ጣልኩት።

«አስደገምክብኝ! ውጣ!» አልኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ጋሼ እንድሪስ በሩን ተደግፎ አየኝ። «አንቺን ለመግደል ድግምት አያስፈልግም» አለ። «የራስሽ ምላስ ይበቃሻል።»

ሰዎች ሳቁ። የዚያን ሰሞን የእሱ እናት ሞቱ። ለቅሶ አልሄድኩም። በእኛ አገር የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል፣ አፈር አልብሶ ይመለስና ጠቡን ይቀጥላል። እኔ ግን ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ቀባሪዎቹ ሲያልፉ አየኋቸው። ከበሽታው ሁሉ ዛሬ የሚያመኝ ያ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማለዳ ለሱብሂ ሰላት ተነስቼ ሱጁድ ወረድኩና ቀና ማለት አቃተኝ። ክንዶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ምራቄ መስገጃዬ ላይ ይወርዳል። እዚያው ግንባሬን ደፍቼ ‹ያ አላህ፣ እንዲህ ሆኜ አትውሰደኝ› አልኩ። ፈራሁ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሰአዳ በማግሥቱ ደርሳ ደብረ ብርሃን ልትወስደኝ ሚኒባስ አሳፈረችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ጀመረኝ። በሻርፔ አፍንጫዬንና አፌን ጥፍንግ አድርጌ ሸፈንኩ። ይህን ሻርፕ ባሌ ከሰንበቴ ገበያ የገዛልኝ ነው፣ ከራሴ አይወርድም። ስረጭም አፌን የምሸፍነው በእሱ ነበር፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነኝ እያልኩ እመካ ነበር። ቀለሙ እንዳይለቅ ብዬም ቶሎ ቶሎ አላጥበውም። ራሴን ሲወቅረኝ ግንባሬን የማስረው በዚያው ነው። እንደሸፈንኩት ገና ደብረ ሲና ሳንደርስ ባሰኝ፤ አስታወከኝ። ተሳፋሪው «መስኮት ክፈቱ! አውርዷት!» ይላል። ሹፌሩ ደብረ ሲና ሲቆም እየተሳደበ አወረደን።

አንዲት ቆሎ ሻጭ እንስራዋን አዘንብላ ፊቴን አጠበችልኝ። ሻርፑን ከአፌ ዝቅ ልታደርግ ያዘችውና አፍንጫዋን ጨመደደች።

«እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ እኮ ይገማል። ምን ነክተውበት ነው?»

«የባሌ ስጦታ ነው፣ አፍሽን ዝጊ» ብዬ ነጥቄ መልሼ ሸፈንኩ። ስንት ሐኪም ያላየውን በሽታ ቆሎ ሻጭ አሽትታ አወቀችው፤ እኔም ሰድቤ ሸኘኋት። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ደብረ ብርሃን አንድ ሆስፒታል ተቀበለን። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ነርሷ ግን አይታኝ ከሰው አስቀድማ አስገባችኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት። በባትሪ ዓይኔን አየችና ሰአዳን ጠርታ አሳየቻት፤ የዓይኔ ብሌን ጠቦ ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

«እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ስድስት ጊዜ ታክሜ ሥራሽ ምንድን ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ሽንኩርት እንደማለማ ነገርኳት።

«መድኃኒቱን ማን ይረጫል?»

«እኔ ነኛ! ለማን ልተወው?»

«እንዴት አድርገው ይበጠብጡታል?»

ኮራ ብዬ አስረዳኋት። ሦስቱን ዓይነት በርሜል ውስጥ እገለብጣለሁ፣ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ የልብስ ሳሙና እጨምራለሁ፤ በእንጨት ሲማሰል ስለሚቋጥር እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አማስለዋለሁ። የመርጫው ጫፍ ሲዘጋ አፌ ውስጥ አድርጌ እነፋዋለሁ፣ አልከፈት ካለ እመጠዋለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ባሌም ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«የሚረጩት መርዝ ነው ያመመዎት» አለች። «በቆዳዎ ይገባል፣ በአፍዎ ይገባል፣ በትንፋሽዎ ይገባል። ነርቭን ነው የሚይዘው። ላቡም፣ ምራቁም፣ ንቅጥቅጡም ከእሱ ነው።»

«ባሌ ሃያ ዓመት እንዲሁ ሲረጭ ኖሯል» አልኳት ተቆጥቼ።

«አሁን የት ናቸው?»

«ሞቷል።»

ብዕሯን መልሳ አነሳች። ባሌ በምን እንደሞተ እስከዛሬ አላውቅም፤ ሆዱን ያመዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል እያልን ነው የቀበርነው።

ሻርፔን መርዝ ጠጥቷል ብለው ፈትተው በላስቲክ ቋጥረው አሰሩት። ታገልኳቸው፤ አለቀስኩም። ነርሷና ሰአዳ ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ በሳሙና አጠቡኝ። ከዚያ መርፌ እየደጋገሙ ወጉኝ፤ አፌ ደረቀ፣ ምራቁ ቆመ፣ ጭጋጉ ቀስ በቀስ ተነሳ። ከአልጋዬ ልትሄድ ስትል ዶክተሯ አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«መርጫውን የት ነው የሚያለቀልቁት?»

«ቦዩ ውስጥ።»

«ቦዩ ወዴት ይወርዳል?»

ወደ ከድጃ ነው የሚወርደው። ያን ዓመት ከድጃ ሁለት ፍየሎቿ ከቦዩ ጠጥተው ሞተውባት እየጮኸች ስትመጣ «ፍየል መጠበቅ ካቃተሽ ዶሮ አርቢ» ብያት ነበር። ከከድጃ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሸህ አሊ ለሰላት የሚታጠቡበት፣ ውዱእ የሚያደርጉበት ድንጋይ አለ። በቀን አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሦስቴ በዚያ ውሃ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። አልጋው ላይ ይህን ሳስብ መርፌው ካደረቀው አፌ ይልቅ ልቤ ደረቀ። ድግምት አስጣለብኝ ያልኩት ሰውዬ ጭቃ እንጂ ምንም አልጣለም። ውሃው ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ በመጀመሪያ ጋሼ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አልኩ። «ለእናትዎም ለቅሶ አልደረስኩም።»

«እናቴን ከቀበርኩ ስንት ጊዜዬ ነው» አለ ከመደቡ ሳይነሳ። «አውፍ ብዬሻለሁ። ቤቴ ግን አትምጪ።»

ለከድጃ አንድ እንስት ፍየል ከነግልገሏ ነድቼ ወሰድኩላት። ገመዱን ተቀበለችኝ፣ ግቢ አላለችኝም። ከዚያ የውሃ ስብሰባ ሲደረግ፣ ቦዩ ዳር ባለው ግራር ሥር፣ ተነስቼ ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ። መርጫ ቦዩ ውስጥ ማለቅለቅ ይቁም አልኩ። አይ ሳቅ! አንዱ «ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝታ ዶክተር ሆና መጣች» አለ። ጋሼ እንድሪስ «ትናንት መተተኛ ነበርኩ፣ ዛሬ ደግሞ መርዘኛ ልሁን?» አለ። ሸህ አሊ ብቻ አልሳቁም። ያን ቀን ከቦዩ ውዱእ ሳያደርጉ፣ ከቤታቸው በጀሪካን ውሃ አስመጥተው ሰገዱ።

ራስህን ስትለውጥ ዓለም ይለወጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ያየሁት ራስሽን ስትለውጪ ጎረቤት መጀመሪያ እንደሚጠላሽ ነው። ቢሆንም የራሴን ለወጥኩ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንደመከረኝ ከቦዩ ርቆ ባለው ጉብታ ላይ አንድ በርሜል አቆምኩና ውሃ በጀሪካን እየተሸከምኩ ሞላሁት። መርጫዬን እዚያ አለቀልቃለሁ፣ እጣቢውን መልሼ በራሴ ሽንኩርት ላይ እረጨዋለሁ። እጄን በጓንት፣ ማማሰሉን በረጅም እንጨት አደረግኩ። ለርጭት የሚሆን ልብስ ለየሁ፣ ከማሳ ስመለስ ደጅ አውልቄ እታጠባለሁ። ጫፉ ሲዘጋ በአፌ መንፋት ትቼ ከግራሩ አንድ ረጅም እሾህ ቆርጬ መክፈቻ አደረግኩት። ሲያልፉ «በርሜሏን አጥምቃ ሃይማኖት ልታወጣ ነው» ይሉኛል።

መጀመሪያ የተጠጋችኝ ከድጃ ናት፣ በፍቅር ግን አይደለም። ልትሰልለኝ ነው የመጣችው። በረጨሁ ቁጥር ቦዩ ዳር ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች፤ አንዴ እንኳ ደብቄ ቦዩ ውስጥ ባለቀልቅ ልትጮህ። ሳምንታት ጠበቀች። ስታጣብኝ አፏን ወደ ሌሎቹ አዞረች። አንዱ መርጫውን ቦዩ ውስጥ ሲነክር ደርሳ «ያቺ ክፉ ዘሀራ እንኳ ትታለች! አንተ ከእሷ ልትብስ ነው?» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው አፍሮ መርጫውን አወጣ። ከእኔ መባስ የሚፈልግ ሰው እንደሌለ ያኔ አወቅኩ። ከዚያ ወዲያ ጉብታው ላይ ሁለተኛ በርሜል ቆመ፣ ሦስተኛም።

እኔ ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ግራ እጄ አሁንም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ለሰአዳ ትቻለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ወባ አለብሽ ያለኝ የለም፣ ሱጁድ ወርጄም በራሴ እነሳለሁ፣ አልሀምዱሊላህ። ረጭታችሁ ካመማችሁ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት፤ የረጫችሁትን ስም ከነጠርሙሱ ያዙለት። ራሳችሁን የምታስሩበትን ጨርቅም አሽትቱት።

ባለፈው ጋሼ እንድሪስ መርጫውን ተሸክሞ ወደ ጉብታው ወጣ። ሰላም አላለኝም። ከበርሜሌ ሳይጠይቅ ቀዳ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለ ፊቱን አዙሮ። «ያቺ ከድጃ አላስቀምጥ ብላኝ ነው።»

«ማን ጠየቀዎት?» አልኩት።

አለቀለቀ፣ ሞከረው፣ አልወጣለትም። ጫፉ ተዘግቷል። ፈታውና እንደ ልማዱ ወደ አፉ አስጠጋው። የባሌ አፍ ታየኝ።

«ተው!» ብዬ ጮህኩ። አንቱታው ከየት ይምጣ? እሾሄን ከጓንቴ ስቤ ወረወርኩለት። እግሩ ሥር ወደቀ። አጎንብሶ አነሳው፣ እኔን አየ፣ እሾሁን አየ፤ ከዚያ ጫፉን ወግቶ ከፈተው። ውሃው ፊቱ ላይ ፈነጠቀ፣ በእጅጌው ጠረገ። አመሰግናለሁ አላለም፣ መርጫውን ተሸክሞ ወረደ።

በሳምንቱ ማሳው ዳር ሲረጭ አየሁት። እሾሄ በክር ታስሮ ከመርጫው ማንገቻ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰውዬው ድሮ ውሃዬን ነበር የሚሰርቀኝ፣ አሁን ደግሞ እሾሄን። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።